የዙህራ ግድግዳ ጀርባ

ዙህራ ግድግዳ በጋዜጣ ትለጥፋለች። ሥራዋ ይኼ ነው። መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባሉት የቀበሌ ቤቶች ዒድ ወይም እንቁጣጣሽ ሲቃረብ፣ የጭቃ ግድግዳ ያለው ሁሉ ያስጠራታል። ባልዲዋን፣ ብሩሿንና መቀሷን ይዛ ትመጣለች። ሙጫውን የምትሠራው ከፉርኖ ዱቄት ነው። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ ትበጠብጥና እሳት ላይ አድርጋ እስኪያንጸባርቅ ታማስለዋለች። ዱቄት ያለበት ግድግዳ አይጥ ስለሚጠራ፣ በርበሬ በረንዳ ሄዳ ከመጋዘን ወለል የተጠረገ የበርበሬ ብናኝ አምጥታ ትጨምርበታለች። አይጥ አይነካውም። የቤቱ ሰዎች የመጀመሪያውን ሰሞን ያስነጥሳሉ፤ ከዚያ ይለምዱታል።

ሥራው ሕግ አለው። የሰው ፊት ያለበት ገጽ ሰጋጅ ወደሚዞርበት በኩል አይለጠፍም። የሙት ዓመት ማስታወቂያ ከአልጋ ራስጌ አይሆንም። የስፖርት ገጽ ወንዶች ልጆች ከሚተኙበት በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ሌላውን ገጽ ይቀድዱታልና። ርዕሶቹ በአንድ መስመር እንዲሄዱ ከታች ያለውን ትቆርጣለች እንጂ አታጥፍም። ከሁሉም በላይ ግን ፊደል አይዘቀዘቅም። አንድ ሰው ቸኩሎ ራሱ የለጠፈው ቤት ገብታ የተዘቀዘቀ ገጽ ካየች፣ ሻይ ከመጠጣቷ በፊት ሌላ ትለጥፍበታለች። ባለቤቶቹ ጠባይዋ ነው ይላሉ።

ጠባይዋ አይደለም። ባሏ ኢስሐቅ ማንበብ አይችልም ነበር።

ዙህራ ደሴ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ኢስሐቅ ግን በልጅነቱ ከወሎ መርካቶ መጥቶ ጨርቅ ሲሸከም፣ ከዚያ ጨርቅ ሲያሻሽጥ አደገ፤ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በመንገዱ ላይ አልገጠመውም። ሲጋቡ መንግሥት ገና ተለውጦ ስለነበር የድሮው መንግሥት ጋዜጣና መጽሔት በየመደብሩ በኪሎ ይሸጥ ነበር። ኢስሐቅ አንድ ጆንያ ሙሉ ተሸክሞ መጣና፣ ሙሽራዋ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ትልቁን ግድግዳ ለጥፎ ጠበቃት። በፊታቸው ወይም በጀርባቸው ፎቶ ያለባቸው ገጾች በሙሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። በሁለቱም በኩል ጽሑፍ ብቻ ያለባቸው ግን ግማሾቹ ተዘቅዝቀዋል።

ዙህራ ግድግዳውን አየች። ኢስሐቅ ግድግዳውን የምታየውን ዙህራን አየ።

«ተጣመመ እንዴ?» አለ።

«ትንሽ» አለች።

ኢስሐቅ ቁጭ ብሎ እጁ ላይ የደረቀውን ሙጫ መፋቅ ጀመረ። ቆየት ብሎ፣ «ከዚህ ቤት አይውጣ» አላት።

«አይወጣም» አለች። በማግስቱ የሥራ ጓደኞቹ ለእንኳን ደስ ያለህ ከመምጣታቸው በፊት፣ በግድግዳው ላይ ሌላ ጋዜጣ ደረበችበት። ጎረቤቶች አይተው የኛንም ለጥፊልን አሏት። ሥራው የተጀመረው እንዲህ ነው። ስለ መጀመሪያው ግድግዳ ግን ሁለቱም ዳግመኛ አላነሱም። አንድ ጊዜ ብቻ ላስተምርህ ብላው ነበር፤ «ሥራ ሲቀንስ» አላት። የመርካቶ ሥራ አይቀንስም።

ኢስሐቅ እንደዚያም ሆኖ በአካባቢው አንባቢ ተብሎ የሚታወቅ ሰው ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት ጋዜጣ ተከራይቶ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ፎቶ ያለበትን ገጽ ይከፍታል፤ ፎቶ የሌለበትን አይከፍትም። «ምን ይላል ዛሬ?» ሲሉት አጥፎ እየመለሰ፣ «ያው ነው» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ውል ሲፈረም ደግሞ፣ «ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ውል በጆሮ ሲሰማ ነው ጉድለቱ የሚታወቀው» ይል ነበር። ሌሎቹ ደላሎች ጥሩ ልማድ ነው ብለው ያዙት፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ያደርጋሉ። በጉበት ሕመም ሲሞት ለቀስተኛው «የተማረ ሰው ነበር» እያለ ነው የተመለሰው። ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጠቆረ አንድ ሰው ጃፋር ነው። ጃፋርም የጨርቅ ደላላ ሲሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኢስሐቅ በንግግር ሲበልጠው ኖሯል። ጃፋር የማንበቡን ነገር ቢያውቅ ኖሮ መርካቶ በምሳ ሰዓት ያውቀው ነበር።

ዙህራ በየዓመቱ በዚያ ትልቅ ግድግዳ ላይ አዲስ ትደርብ ነበር። እንግዶች አሠራሯን የሚያዩበት ግድግዳ እሱ ስለሆነ ለእሱ የምትመርጠው ጋዜጣ ለሌላ ሰው ቤት አይሰጥም። ዓመታት ሲያልፉ ወረቀቱ እየተደራረበ እንደ ጣውላ ጠነከረ። ከዚያ ቦታው ለገበያ ሕንፃ ይፈለጋል ተባለ፤ ነዋሪው በከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጠው። ነጋዴዎቹ ደስ አላቸው፤ ነዋሪዎቹ ዕቃ ማሰር ጀመሩ።

ሱንዱስ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የጅምላ ነጋዴው የባህረዲን ልጅ ናት። ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጨርሳ ከሲሚንቶ ከረጢት ጋር ትውላለች፤ ከረጢቱን ትዘፈዝፋለች፣ ትፈጨዋለች፣ በወንፊት ላይ አስጥታ እንደ ቆዳ ሻካራ የሆነ ወረቀት ታወጣለች። አባቷ ስለ ሥራዋ ሲጠየቅ፣ «ከወረቀት ወረቀት ትሠራለች» ብሎ ሌላ ወሬ ያነሳል። ለዙህራ ግን እንግዳ አይደለችም፤ በልጅነቷ ሙጫ እየሰረቀች ትልስ ነበር።

ሱንዱስ የግድግዳውን ጠርዝ በጥፍሯ ብድግ አድርጋ አየችው።

«እትዬ ዙህራ፣ ቤቱ ሲፈርስ ይኼን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ምን አደርገዋለሁ፤ አብሮ ይፈርሳል።»

«እኔ ልውሰደው?»

«ወዴት?»

«ኤግዚቢሽን አለን። በወረቀት የምንሠራ ሠዓሊዎች ነን፤ እርስዎንም ጨምረን።»

«ወረቀት ላይ የምትሥሉ?»

«አይ። በወረቀቱ በራሱ ነው የምንሠራው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እያንዳንዳችን አሠራራችንን ለሰው እናስረዳለን።»

ዙህራ ግድግዳውን አየችው። በዚያ ዓመት የለጠፈችው ከሠራቻቸው ሁሉ የተዋጣላት ነበር። ርዕሶቹ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መስመር ይዘዋል፤ የገጾቹ መጋጠሚያ በጣት ቢዳሰስ እንጂ በዓይን አይታይም። ይኼ ከጭቃው ጋር ተደባልቆ በሎደር ሲዛቅ ማየት ከብዷት ነበር። «ውሰጂው» አለች።

ግድግዳ ጀርባ እንዳለው አላሰበችም። ግድግዳ የምትለጥፍ ሰው ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ነው የምትቆመው።

የማንሳቱን ሥራ ሱንዱስ ታውቅበታለች። ፊቱ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ በቀጭን ሙጫ አልብሳ አደረቀችው፤ ከዚያ ከላይ ጀምራ ውኃ እየረጨች በረጅም ቢላዋ ከጭቃው አላቀቀችው። ዙህራ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ በየቁራጩ ነበር የሚወጣው፤ ራሷም ይህን ተናግራለች። ችግሩ በርበሬው ነበር። ለዓመታት ደርቆ የተኛው ብናኝ ውኃ ሲነካው ተነሣ። ዙህራ ዓይኗ እንባ በእንባ ሆነ። ከፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤቷ ደብሪቱ አይታ፣ ለቤቷ እያለቀሰች መስሏት ሴቶች ሰብስባ ልታጽናናት መጣች። ሴቶቹም ገብተው አለቀሱ። በጎን ያለውን ቤት ሲያፈርሱ የነበሩት ሠራተኞች ቆም ብለው እስኪያልቅ ጠበቁ። ግድግዳው ውኃው እንዳለሰለሰው ከምን አለሽ ተራ በመጣ ወፍራም ቱቦ ላይ ተጠቅልሎ በአይሱዙ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ሱንዱስ ደወለች። «እትዬ ዙህራ፣ ይምጡና ይዩት። ጀርባውን አጸዳሁት።»

ዙህራ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው የገባት።

ሱንዱስ የምትሠራበት ቤት ስትደርስ ግድግዳው በፊቱ ተደፍቶ ወለሉን ሞልቶታል። ሱንዱስ ጭቃውን በብሩሽ አንስታለታለች። የኢስሐቅ ሥራ እንደነበረ ነው። ሰልፈኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ትራክተሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከጎናቸው ያለው የጽሑፍ ገጽ ግን በጭንቅላቱ ቆሟል። ዙህራ ሳታስበው አንገቷን ዘምበል አድርጋ፣ «የቡና ምርት በእጥፍ ጨመረ» ብላ የተዘቀዘቀ ርዕስ አነበበች።

«በዚህ በኩል ነው የማሳየው» አለች ሱንዱስ።

«ይኼ ጀርባው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያ አይሻልም? ያኛው ተለፍቶበታል።»

«ያኛው ያምራል። ይኼን ግን ሳየው እጁ ይታየኛል። የሠራው ሰው ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ፣ ግን ለማሳመር ብሎ ነው የሠራው። እኔ አራት ዓመት ተምሬ ይኼን ማድረግ አቃተኝ።» ትንሽ አሰበችና፣ «ካልፈለጉ ግን እተወዋለሁ» አለች።

ዙህራ እተይው ልትል አፏን ከፈተች። ግን የመርካቶን ሰው ታውቀዋለች። አትዩ የተባለውን ለማየት ከሳሪስ ድረስ ሰው ይመጣል። ጀርባው ለምን ተከለከለ ይባላል፤ ሱንዱስ ለአባቷ ትነግራለች፤ ባህረዲን ሱቁ ውስጥ ያወራል፤ የባህረዲን ሱቅ ደግሞ ጃፋር የሚውልበት ነው።

«ሁለቱንም በኩል አሳዪ» አለች በመጨረሻ። «መሀል ላይ ስቀይውና ሰው ይዙረው።» ሰው ፊቱን ካየ በኋላ ደክሞት ይቀመጣል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

ሱንዱስ ለሰፈሩ ሰው ብላ ሚኒባስ ተከራየች። ደብሪቱ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። ጃፋር ኮት ለብሶ መጣ።

ግድግዳው የፊቱ ጨርቅ ተነሥቶለት በአዳራሹ መሀል ከጣሪያ ተንጠልጥሏል። የሰፈሩ ሰው ፊቱን አይቶ፣ «ይኼማ የዙህራ ቤት ነው» እያለ አለፈ፤ ደብሪቱ በዚያ ዓመት ልጇ ጥፍሩን ያሳረፈበትን ቦታ ፈልጋ አገኘች። ማንም አልደከመውም። ሁሉም ዞሮ ጀርባውን አየ። ጃፋር እዚያ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ወንበር ተደርድሮ ሠዓሊዎቹ ስለ አሠራራቸው ተናገሩ። መጀመሪያ ሀብተ ወልድ የሚባል፣ ያገለገለ የአውቶቡስ ትኬት እያጣጠፈ ወፍ የሚሠራ ሰው ነበር። ወረቀት ያስታውሳል አለ፤ ምን ምን እንደሚያስታውስ ዘረዘረ። ሱንዱስ ስለ ሲሚንቶ ከረጢት ተናገረች፤ ከረጢቱን ስትዘፈዝፈው መጀመሪያ የሚለቀው ሲሚንቶውን ሳይሆን የተሸከመው ሰው የትከሻ ላብ ሽታ እንደሆነ ስትናገር አቀርቅሮ የነበረው አባቷ ባህረዲን ቀና አለ። ከዚያ ማይኩ ዙህራ ጋ ደረሰ።

«ከላይ ነው የምጀምረው» አለች። «ከታች ከተጀመረ ሙጫው በተለጠፈው ላይ ይንጠባጠባል። ዱቄቱ እንዳይጓጉል በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። በርበሬ ይጨመርበታል። ይኸው ነው።»

ጨበጨቡላት። ጃፋር እጁን አወጣ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ፤ ሳይሰጡት ማይኩን ተቀበለ። «ጀርባውን አየሁት። ፎቶ ያለበት ሁሉ ቀጥ ብሏል። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ነው የተዘቀዘቀው። ይኼ ነገር እንዴት ሆነ?»

አዳራሹ ዞሮ ጀርባውን አየ። እውነትም እንደዚያ ነበር። ሀብተ ወልድ፣ «ግሩም ምልከታ ነው» አለ።

«ሌላም አለ» አለ ጃፋር። «ያኔ መሰላሉን ያዋስኩት እኔ ነኝ። ኢስሐቅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግድግዳዬን በገዛ እጄ ለጠፍኩ ብሎ ነግሮኛል። በገዛ እጁ።»

ዙህራ ማይኩን ወደ አፏ አቀረበች።

«ባል አይደል» አለች። «ሚስቱ የሠራችውን እኔ ሠራሁት የማይል ባል አይተህ ታውቃለህ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ደብሪቱ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። ጃፋር አልተቀመጠም።

«እሺ፣ አንቺ ነሽ የለጠፍሽው። ታዲያ ለምን ዘቀዘቅሽው?»

«ማንበብ ስለማልችል።»

ሳቁ ቆመ። ከፊት የተቀመጠችው ሱንዱስ ቀና ብላ አየቻት።

«ፎቶ አያለሁ፤ ሰው በእግሩ እንደሚቆም አውቃለሁ» አለች ዙህራ። «ፊደል ግን በየትኛው እንደሚቆም አላውቅም ነበር።»

«አሁንስ? በፊት በኩል ያለው መስመሩ እንኳ አልተዛነፈም እኮ።»

«ኢስሐቅ ነዋ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ይኼ ወደ ላይ፣ ያ ወደ ታች እያለ ያሳየኝ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ያስለመደኝን ምልክት እያየሁ ነው የምለጥፈው። ጋዜጣ አዋቂው እሱ አልነበር? አንተም እኮ ታውቃለህ።»

ጃፋር ምን እንደሚያውቅ ትንሽ አሰበ። ከዚያ፣ «አዎ፣ አንባቢ ነበር» አለና ተቀመጠ። ማይኩን ይዞ ስለቀረ ተጠይቆ መለሰ።

ሱንዱስ የምትለው ነገር እንዳላት ያስታውቅ ነበር፤ ስለ ቡና ምርት የተነበበላትን አልረሳችም። ግን አልተናገረችም። ሰው ሲበተን ብቻ ከሥራው አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ካርድ እያሳየች፣ «እዚህ ላይ የሠራችው ዙህራ ነው የሚለው። ልተወው?» አለቻት።

«ኢስሐቅና ዙህራ በይው። እሱን አስቀድሚ።»

ሱንዱስ እስክሪብቶ አውጥታ እንደተባለችው አደረገች።

ይኼ ሁሉ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን ከተመልካቾቹ መሀል ማሂራ የምትባል፣ በኮንዶሚኒየሞቹ ሰፈር ጎልማሶችን የምታስተምር ሴት ነበረች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ መጣችና ዙህራን አቀፈቻት።

«እትዬ ዙህራ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ መናገር ቀላል አይደለም። ስንቱ ተደብቆ ነው የሚኖረው። እኛ ጋ ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ይምጡ፤ እኔ ራሴ ነኝ የማስተምርዎት።»

ዙህራ ጃፋር በር ላይ ቆሞ እየሰማ መሆኑን አየች።

«እሺ» አለች። «እመጣለሁ።»

በሚኒባሱ ሲመለሱ ደብሪቱ ከፊት ወንበር ተነሥታ ከኋላ ዙህራ ጎን መጣች። ደብሪቱ ማንበብ አትችልም፤ ይህን ለማንም ደብቃ አታውቅም። ቤሩት ያለችው እህቷ ማሚቱ ስትጽፍላት ሁልጊዜ የምታነብላት ዙህራ ነበረች፤ ኢስሐቅ ከሞተ ወዲህ ግን ደብዳቤ አልመጣም ነበር።

«አንቺ ዙህራ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የማሚቱን ደብዳቤ ማን ነበር ታዲያ የሚያነብልኝ?»

ዙህራ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ሚኒባሱ መብራት ላይ ቆሞ ተነሣ።

«ኢስሐቅ» አለች። «ማታ አምጪው እልሽ የለ? እሱ ያነብልኛል፣ እኔ በቃሌ ይዤ ጠዋት እነግርሻለሁ።»

«ወረቀቱን ይዘሽ ዓይንሽን ወዲያና ወዲህ ታደርጊ ነበር እኮ።»

«አፍሬ ነዋ።»

«ጭንቅላትሽ ግን ለጉድ ነው። ከነሰላምታው ነበር የምትይው።» ደብሪቱ ትንሽ ተጓዘችና ድንገት ክንዷን ያዘቻት። «ቆይ። የማሕፀኗን ነገር የጻፈችውንስ? ዶክተሩ ያላትን?»

ዙህራ በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

«እሱንም ኢስሐቅ አንብቦታል ማለት ነው?»

«ካላነበበው እኔ ከየት አመጣዋለሁ?»

ደብሪቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ኧረ ጉዴ። ሰውየው በየጠዋቱ እህትሽ እንዴት ናት ሲለኝ፣ እኔ እኮ ለሰላምታ መስሎኝ።» ሊወርዱ ሲቃረቡ፣ «ሆዱ ሰፊ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ለሰው አልወጣውም። ጃፋር ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ተራው ሁሉ ይሰማው ነበር።»

«አይወጣውም» አለች ዙህራ።

«እኔም እመዘገባለሁ። አንቺ ካላፈርሽ እኔ ምን አሳፈረኝ? ደግሞ ከእንግዲህ ደብዳቤዬን ለማን ልሰጥ ነው?»

ትምህርቱ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ሲሚንቶ ሆኖ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ የሚለጠፍበት ነገር የለም። ዙህራና ደብሪቱ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ማሂራ ፊደሎቹን በሰሌዳው ላይ በረድፍ ትጽፋለች፤ ረድፎቹ ወደ ቀኝ እያዘቀዘቁ ይሄዳሉ። ዙህራ የመጀመሪያ ቀን ያንን እያየች መቀመጥ አቅቷት እጇን አንሥታ ልትናገር ነበር፤ ትታ አወረደችው።

ማንበብ የሚችል ሰው ሰሌዳ እያየ አለማንበብ እንደማይችል ያወቀችው እዚያ ነው። ማሂራ ገና ጽፋ ሳትጨርስ ቃሉ ይገባታል። ስለዚህ የደብሪቱን አፍ ማየት ጀመረች። ደብሪቱ የምትቆምበት ላይ ትቆማለች፤ ደብሪቱ የተሳሳተችውን እሷም ትሳሳታለች። ለጥቂት ሳምንታት በዚህ መንገድ በደንብ ሄዱ። ከዚያ ደብሪቱ መሳሳት ቀነሰች። ቤት እየሄደች ታጠና ነበር። የዘይት ጀሪካን ታነባለች፣ የሳሙና ልባስ ታነባለች፣ በመንገድ ላይ ታርጋ ታነባለች። ዙህራ ከእንግዲህ የምትሳሳተውን ራሷ መፈለግ ነበረባት።

አንድ ቀን ጃፋር፣ የቤት ድለላም ጨምሮ ነበርና፣ በኮንዶሚኒየሙ ሰፈር ቤት ሊያከራይ ደንበኛ ይዞ መጣና በአዳራሹ በር በኩል አለፈ። መለስ ብሎ አንገቱን አስገባ። ማሂራ ዙህራን ሰሌዳው ላይ ያለውን እንድታነብ አስነሥታት ነበር። ዓረፍተ ነገሩ «አበበ በሶ በላ» ነበር።

ዙህራ ጃፋርን አየችው። ከዚያ ሰሌዳውን አየች።

«አ» አለች። ቆመች። «አ... በ...»

«አይዞዎት» አለች ማሂራ።

«አበ...» አለች ዙህራ፤ ራሷን ነቀነቀችና ተቀመጠች። ጃፋር ከንፈሩን መጥጦ ሄደ። ደብሪቱ ተነሥታ አንዴ እንኳ ሳታቆም አነበበችው፤ ክፍሉ አጨበጨበላት።

በመጨረሻ ፈተና መጣ። ደብሪቱ አለፈች፤ ለማሚቱ በገዛ እጇ ጽፋ ላከችላት፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ለማንም አላስነበበችም። ማሂራ ዙህራን ለብቻዋ ጠርታ፣ ሁሉም ሰው እኩል እንደማይሄድ፣ ይህም እንደማያሳፍር ነገረቻት።

«አያሳፍርም» አለች ዙህራ።

ክፍሉን ደገመች።